ቡላና ባለስሙ

መስከረም 22

መዶሻዬ፣

«ሰላምታህ አውቶቡስ የሚያመልጠው ሰው ሰላምታ ነው» ብለሽ ስለወቀስሽኝ ዛሬ ዘርዘር ላድርገው። እናትሽ እንደምን ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? የስፌት መኪኖቹ ሁለቱም ይሠራሉ ወይስ ያቺ አሮጊቷ አሁንም ክር ትበላለች? የኋላ ክፍላችንስ? ድራምሽ ላይ አሁንም ጨርቅ ይከመርበታል ወይስ እኔ ስሄድ መከበር ጀመረ? አንቺስ እንዴት ነሽ? አንቺን መጨረሻ የጠየቅሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ከሳህኔ ላይ የምወደውን መጨረሻ እንደምበላ ታውቂያለሽ።

እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ጠባብ ናት፤ አልጋው ላይ ተቀምጬ በአንድ እጄ በሩን፣ በሌላው መስኮቱን እከፍታለሁ። ቤዝ ጊታራችን ቡላ ከራስጌዬ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው፤ አንገቷን ቀና አድርጋ «ዛሬስ ምን አሰብክ?» የምትለኝ ይመስለኛል። በስልክ ብናወራ ይሻል ነበር ያልሽው ልክ ነው፤ ግን በስልክ እኮ እንጣላለን። ዝም ስትዪ የተቆጣሽ ይመስለኛል። ወረቀት ላይ ዝምታሽ አይሰማም።

እሺ። ባለፈው ስለ አከራዬ ድመት ሙሉ ገጽ ጽፌ ስለ ባንዱ ፈተና ዝም ማለቴን ታዝበሻል። ተፈትኛለሁ። ይኸው ልንገርሽ።

የሆቴሉ ባንድ የሚለማመደው ምድር ቤት ነው። መሪያቸው፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ ሙዚቃ የሚሰሙት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ቡላን ሰክቼ ጀመርኩ። ትንሽ እንደቆየሁ የጫማቸው ጫፍ መነቃነቅ ጀመረ። ቀጥሎ አንገታቸው። «ተዉት፣ ይቀጥል፤ ይሄ ልጅ ጆሮ አለው» አሉ። እኔ በልቤ ያንቺን ሻንጣ እያሰናዳሁ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ቡላንም አዩዋት።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ቤዝ ጊታር ነው ጋሼ።»

«እሱንማ አየሁ። ራሱ ላይ ምን ተጽፏል ነው የምልህ።»

ነገርኳቸው። ሳክስፎን ነፊው ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቀ።

«ልጄ፣ ይሄ ለትምህርት ቤት ሰልፍ የሚገዛ ነው። እኔ ዘንድ መድረክ ላይ የሚወጣ ዕቃ ስም አለው። ስም ያለው ይዘህ ተመለስ።»

«ጋሼ፣ አሁን ሲሰሙት ግን...»

«ስሰማው አላየሁትም ነበራ!»

ሙች፣ እንደዚህ ነው ያሉኝ።

ተስፋ ቆረጠ እንዳትዪ። ድራመራቸው በጥር ይለቃል፤ እኔ ከገባሁ ስምሽን የማነሳው እኔ ነኝ። እስቲ አስቢው፦ አንቺና እኔ፣ እውነተኛ መድረክ ላይ፣ ከጨርቅ ክምር ውጪ። በኔና ባንቺ መሀል ያለው መንገድ አይደለም፤ እንጨት ላይ የተጻፈ አንድ ስም ነው። እሱን ደግሞ አገኘዋለሁ። ለዚህ ስል የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሥራ ገብቻለሁ። እናቴ ስትሰማ «በጂኦግራፊ ተመርቆ መንገድ የጠፋበት ሰው አንተን አየሁ» አለችኝ።

ታገሺኝ።

ሽቦሽ


ጥቅምት 14

ሽቦ፣

ደህና ነን። እናቴ ወገቧን ያመማት «ያ ቀጭን ልጅ ጨርቅ የሚያወርድልኝ ስለሌለ ነው» ትላለች፤ ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ነው። ድራሜ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተከምሯል። ሱቁ ሲዘጋ አወርደዋለሁ፣ እመታለሁ፣ መልሼ እከምረዋለሁ። አሮጊቷ መኪና ክር መብላቷን ትታ አሁን መርፌ ጀምራለች።

ቦታዬን ማን ያዘው ብለህ መጠየቅ ፈልገህ ስለ ጨርቅ መጠየቅህ ገብቶኛል። አትቅና፣ ሰው አይደለም። የኪቦርዲስቱ ግራ እጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ስንጫወት በቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ በግራው ያንተን የቤዝ መስመር ይጫወታል። ቡድኑ በጣም ወዶታል፤ ግራ እጅ ምሳ አይበላም፣ አያረፍድም፣ አያኮርፍም። አይሳሳትምም። እኔ የጠላሁት ለዚህ ነው። አንተ ከምቴ ትንሽ ዘግየት ብለህ ነው የምታርፈው፤ በር ላይ «እለፊ» ብሎ እንደሚያሳልፍ ሰው። ግራ እጁ ግን ከኔ እኩል በሩ ላይ ይደርስና እንጋጫለን። እሱ ምንም አይታወቀውም። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ትከሻዬን ያመኛል።

በጋሼህ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ላንተ ፈራሁ። ስም ፍለጋ ሱቅ የገባ ሰው ሱቁን ወዶ ሊቀር ይችላል። ቡላን ስንገዛ ሻጩ «ይሄ ለጀማሪ ነው» ሲለን «ታዲያ እኛስ መቼ ጨረስን?» ያልከው አንተ ነህ። ያን ቀን ቡላን በየተራ ተሸክመን በእግራችን ነበር የመጣነው። እስከ ቤት ድረስ «ከባድ ናት፣ ጥሩ ዕቃ ከባድ ነው» ስትለኝ ነበር። ስለ ዕቃ አንዲት ነገር አታውቅም ነበር፤ እንደዛ ስትሆን ነው ደስ የምትለኝ።

ሌላም የምነግርህ ነበረኝ። ገና ያልበሰለ ወሬ ስለሆነ ይቆይ።

መዶሻ


ኅዳር 5

መዶሻዬ፣

እንደምነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቢያንስ ደብዳቤ እንደሱ ተብሎ ነው የሚጀመረው። ከተማው ለመደህ ወይ ብትዪኝ መልሱ አንገቴ ጋ ነው። እዚህ ድራም ሞልቷል። ከምድር ቤቱ፣ ከካሴት ቤቱ፣ ከታክሲው ሬዲዮ። በሰማሁ ቁጥር አንገቴ ሳላዘው ይዞራል። ከዚያ አንቺ አለመሆንሽ ይገባኝና እመልሰዋለሁ። እንዲህ ከቀጠለ ጠማማ ሆኜ ነው የምታገኚኝ።

ያልበሰለውን ወሬ ቶሎ አብስዪው። እስከዚያ እኔ ስለ ሱቃችን ልንገርሽ።

ቤዞቹ ግድግዳው ላይ በማዕረግ ነው የተሰቀሉት። ከታች እንደ ቡላ ያሉት ተደርድረዋል፤ ማንም ይነካቸዋል፣ ሕፃን ክራቸውን ይጎትታል። ከላይ መስታወት ውስጥ፣ ለብቻው መብራት የበራለት አንድ አለ። «ባለስሙ» ነው የምንለው። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል። መጫወት የማይችለውም ቢሆን ስለሱ ሲጠይቀኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የታመመ ሰው ሊጠይቅ የገባ ነው የሚመስለው።

ይሄ ነገር አናደደኝና ዘዴ ፈጠርኩ። ካልሲዎቼን አጠብኩና የቤዞቹን ራስ አለበስኳቸው። ስሙ ሁሉ ተሸፈነ። «በጆሮህ ምረጥ» እላለሁ ለገባው ሁሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቤዚስት መጣ፤ የምር የሚጫወት ሰው ነው። ሁሉንም ሞከረና አንዷን እቅፍ አድርጎ «እቺ ናት! ስፈልጋት የኖርኩት እቺን ነው» አለ። ካልሲውን አወለቅሁለት። የቡላ እህት ናት። ሰውዬው እንዳቃጠለው ድስት ወለሉ ላይ አስቀመጣት።

«ምነው? አሁን ወደዷት አልነበር?»

«ወድጃታለሁ ወንድሜ። ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?»

ወጣ። የሱቁ ባለቤት እትዬ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እንጨትና ክር የምሸጥ መስሎሃል? እኔ የምሸጠው ሰው ፊት አለማፈርን ነው» አሉኝ። ካልሲዬንም አስወለቁኝ።

እኔ ግን አልተረታሁም። ስም ሁሉ ውሸት ነው፤ ነፍስ ያላት ቡላ ናት። ይህንንም አንቺ ትመሰክሪልኛለሽ። ፖስታው ውስጥ በጥጥ የጠቀለልኩት ሚሞሪ አለ። እትዬን ለምኜ ባለስሙን ከመስታወቱ አወረድኩትና ዘፈናችንን ሁለቴ ቀዳሁት፤ አንዴ በቡላ፣ አንዴ በባለስሙ። የትኛው የቱ እንደሆነ አልነግርሽም፤ ሁለቱም ካልሲ ለብሰዋል። ድራም የለበትም፤ ቦታሽን ባዶ ትቼልሻለሁ። ቡላን ለይተሽ ጻፊልኝ፣ ደብዳቤሽን ሱቁ በር ላይ እለጥፈዋለሁ!

እትዬ ደግሞ የራሳቸው ሐሳብ አላቸው። ጋሼ ዘንድ ባለስሙን አውሰውኝ እንድገባ፣ ስሙም መድረክ ላይ ታይቶ ደንበኛ እንዲያመጣላቸው። «አላደርገውም» ብያቸዋለሁ። ጥር ግን እየቀረበ ነው።

ሽቦሽ


ኅዳር 21

ሽቦ፣

አታሞኘኝ። ሁለቱም ቡላ ናት።

በአንድ ቤዝ ሁለቴ ቀድተህ «ለዪ» ትለኛለህ? ሌላ ሰው ፈልግ። ሱቁን ዘግተን ዩኒፎርሞቹን አወረድኩ። ሚሞሪውን የእናቴ ሬዲዮ ላይ ሰካሁና ድራሜ ላይ ተቀመጥኩ። የተውክልኝን ባዶ ቦታ መጀመሪያ ዝም ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ ገባሁበት። ሁለተኛው ላይ ግን ሁሉን ረሳሁት፤ ጨርቅ መሀል መሆኔንም፣ አንተ አለመኖርህንም።

እናቴ ወዲያ ማዶ ቁልፍ ስትተክል ነበር። መርፌዋን እንደነከሰች በሩን በርግዳ ገባች። «ሽቦ መጣ እንዴ?» አለች። ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ከበሩ ኋላ ሁሉ አየች፤ እዚያ ተደብቀህ ታስደነግጣት እንደነበር ታስታውሳለህ። ከዚያ ሬዲዮውን አየችና ቁልፍ ወደምትተክልበት ሸሚዝ ተመለሰች። ያን ሸሚዝ በዚያ ቀን አልጨረሰችውም።

ወሬውም በስሏል፤ ልንገርህ። የኪቦርዲስቱ ቡድን በጥር የመጀመሪያው ሰኞ ተነስቶ ከተማ ለከተማ እየዞረ ሊጫወት ነው። መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ድራሙ ላይ እኔን ነው የሚፈልጉት። እሺም አላልኩ፣ እምቢም አላልኩ። ያንተን ጥር እየጠበቅሁ ነው። ጋሼህ ዘንድ ቦታው አለ ካልከኝ እመጣለሁ። ከሌለ ከነሱ ጋር እሄዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤህ የት እንደሚያገኘኝ እኔም አላውቅም። እዚህ ከዩኒፎርም ጋር ተከምሬ ግን አልቀርም።

ቶሎ ጻፍ። ስለ ድመቷ ሳይሆን።

መዶሻ


ታኅሣሥ 7

መዶሻዬ፣

ሁለቱም ቡላ አይደለችም። የመጀመሪያው ቡላ ናት። አንቺ ሁሉን የረሳሽበት፣ እናትሽ በሩን በርግደው የገቡበት፣ ባለስሙ ነው።

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩና መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አሉኝ እትዬ። በሩ ላይ አልለጠፍኩትም። ስም ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ ስሰብክ ከርሜ፣ ለካ እኔም እንጨት ውስጥ ነፍስ እየፈለግኩ ነበር። እነዚያ ወደ ላይ ያያሉ፣ እኔ ወደ ታች አያለሁ፤ በምን ተሻልኩ? እውነቱን ከፈለግሽ ባለስሙ ጥሩ ዕቃ ነው። አንገቱ ለስላሳ ነው፣ ቅኝቱ አይፈታም። የኛ ቡላ ብርድ ሲሆን ቅኝቷ እንደ ሕፃን አፍንጫ ነው፤ ጠርገሽ ሳትጨርሺ ይወርዳል። አንቺ ግን የሰማሽው እሱንም እሷንም አልነበረም።

እናትሽ ከበሩ ኋላ ሲፈልጉኝ ይታየኛል። እዚያ ብሆን ኖሮ እላለሁ። ከዚያ ደንበኛ ይገባና ወደ ላይ ያያል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። ገብቻለሁ። አላደርገውም ያልኩትን አደረግኩት፤ ባለስሙን ተውሼ ሄድኩ። በዚህኛው ፈተና ጋሼ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ስሙን እያነበቡ ነው የሰሙኝ። የሰው ዕቃ ስለያዝኩ እጄ ፈርቶ መሀል ላይ ሳትኩ፤ ዓይን ያወጣ ስህተት ነው፣ አንቺ ብትሆኚ ዱላሽን ትወረውሪብኝ ነበር። ጋሼ ግን ጠረጴዛውን መቱና «ይኸው! ድምፅ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ሳክስፎን ነፊው ተነስቶ ጨበጠኝ።

መድረክ ላይ የምለብሰው ኮት ሰጥተውኛል። ትከሻው የኔን ሁለት ይይዛል፤ እናትሽ ቢያዩት እዚያው ነበር የሚፈቱት። ደስ ብሎኛል። ደስ ያለኝ ይመስለኛል። ትናንት መብራቱ ሲበራብኝ ብታዪኝ... ይህን ሕልም ከልጅነቴ ጀምሮ ነው ያለምኩት፣ ታውቂያለሽ።

ስለ ድራመሩ ቦታ በሚቀጥለው እጽፍልሻለሁ። ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ሽቦሽ


ታኅሣሥ 16

ሽቦ፣

እንኳን ደስ ያለህ። ከልቤ ነው። እናቴም «ኮቱን ላክልኝ» ብላሃለች።

ፖስታ ቤቱ አንተ ስትፈልግ ነው የሚዘጋው። የድራሙ ቦታ ላይ ማን ነው የገባው፣ የወንድማቸው ልጅ ነው የእህታቸው? ቦታው መያዙን ያወቅሁት «ገብቻለሁ» ብለህ «ነይ» ስላላልክ ነው። አትጨነቅ፣ አልተቀየምኩህም። ከመቀየም ይልቅ የከፋኝ ሦስት ገጽ ጽፈህ ያቺን አንዲት መስመር መደበቅህ ነው። እኔ እኮ ከአንተ ክፉ ወሬም ቢሆን መስማት ይናፍቀኛል።

ባለስሙን ቡላ ነው ማለቴ መጀመሪያ አሳፈረኝ። ጆሮዬ ተበላሸ እንዴ አልኩ። በኋላ ግን ሳስበው ደስ አለኝ። የናፈቀኝ ዕቃ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሱቅ ገብቼ እገላገል ነበር።

ለቡድኑ እሺ ብያቸዋለሁ፤ በጥር የመጀመሪያው ሰኞ እሄዳለሁ። ኪቦርዲስቱን «መኪናው ላይ አንድ የቤዝ ቦታ ይኑር» አልኩት።

«ማን ሊመጣ?»

«አይመጣም ይሆናል።»

«ቢመጣስ ምን ይዞ ነው የሚመጣው? ደህና ዕቃ አለው?»

«ራሱን ይዞ ይመጣል።»

ግራ እጁን ትንሽ አየት አደረገና «እሱም ማረፍ አይጠላም» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። ጓደኞቹ ግን ሊያሾፉብኝ ሞክረው ነበር፤ «ለአንድ ሰው ወንበር ትይዢያለሽ፣ ሰውየው ሆቴል ውስጥ በኮት ነው» አሉኝ። ዱላዬን ሳነሳ ተበተኑ።

ና አልልህም። ና ብዬህ ብትመጣ በተጣላን ቁጥር ያን ሆቴል ታነሳብኛለህ። አትምጣም አልልህም፤ እሱን መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። በቃ፣ ሰኞ ጠዋት መኪናው ከእናቴ ሱቅ በር ላይ ይነሳል።

መዶሻ


ታኅሣሥ 28

መዶሻዬ፣

የእህታቸው ልጅ ነው።

ጥር ሳይገባ ቦታውን ሰጡት። ደህና አድርጎ ይመታል፤ ላማው አልችልም። ድራሙም ስም አለው፣ ፊቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሱ ጋር መድረክ ላይ ስወጣ ሰዎች ጠጋ እያሉ የባለስሙን ራስ ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ ፎቶው ላይ ከአገጬ በታች ነኝ። አንዱማ «ትንሽ ልንካው?» ብሎኛል። ምንም አልጎደለም፤ መብራቱ አለ፣ ኮቱ አለ፣ ጭብጨባው አለ። ብቻ ዘፈን በጨረስን ቁጥር ወደ ድራሙ እዞራለሁ። አንድ ቀን የእህታቸው ልጅ ዱላውን አስቀመጠና «ምን አድርጌህ ነው?» አለኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ታየኛለህ?»

ለሰው ሌላ ሰው አለመሆኑን እንዴት አድርገው ይነግሩታል?

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙ ተናገሩ። «ከዚህ መድረክ ወርደህ ያቺን የትምህርት ቤት ዕቃ ተሸክመህ ከተማ ለከተማ ልትንከራተት?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ተምሯል ሲሉህ ነበር!»

«ጂኦግራፊ ነው ጋሼ።»

እትዬ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ባለስሙን ተቀብለው በጨርቅ ወለወሉት፣ መስታወቱ ውስጥ መለሱት፣ መብራቱን አበሩለት። ከዚያ መሳቢያ ከፍተው ለቡላ አዲስ ክር አወጡ፤ ደህናውን፣ ከላይኛው መደርደሪያ የሚሸጡትን። ከመስጠታቸው በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም በጥፍራቸው ላጡት። «ያንተን አመል ስለማውቅ ነው» አሉኝ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል በክሩ ጥቅል ራሴን መቱኝ።

ሳልጸጸት ነው የምመጣው ብዬ አልዋሽሽም። ኮቱን ስመልስ እጄ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ዘገየ። የሆቴሉን በር ስወጣ ወደ ኋላ አየሁ። ምናልባት አንድ ቀን ተጣልተን ይሄን ሆቴል አነሳብሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ይህን ደብዳቤ አውጪና አስነብቢኝ፦ ማንም ና አላለኝም። እኔው ነኝ።

ይህን ወረቀት የሚያደርሰው የምሳፈርበት አውቶቡስ ነው። የፖስታው ከረጢት ከላይ ነው፣ እኔ ከውስጥ። አብረን ነው ከተማችን የምንገባው። ደብዳቤው እስኪለይና እስኪታደል ያድራል፤ እኔን የሚለየኝ ስለሌለ ቀድሜው እደርሳለሁ። ታዲያ ለምን ትጽፋለህ እንዳትዪኝ። በሩ ላይ ስደርስ እናትሽ ስለ ወገባቸው ይነግሩኛል፣ ወዲያው ጨርቅ ያሸክሙኛል። አንቺ «ከሳህ» ትዪኛለሽ። እኔ ስለ መንገዱ ማውራት እጀምራለሁ፤ የመጣሁበትን ነገር ሳልናገር ሰኞ ይነጋል። ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ናፍቀሽኛል። ከመስከረም ጀምሮ የጻፍኩልሽ ሁሉ፣ ድመቷም ጭምር፣ ይህንን ለማለት ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ሰኞ መኪናው ላይ መስኮቱ ጋ የሚቀመጠው ማን ነው?

መልሱን በደብዳቤ አትጻፊልኝ።

ሽቦሽ